ለክቡር ዲቪዲ ራይተር፣ የኮምፒውተሬ ዲስክ መቅጃ፣ ባሉበት

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 7 ቀን 2000 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ እጅግ የተረጋጋ አቀዳድዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ግንባርዎ ላይ የመቅጃ ፍጥነትዎ «16 እጥፍ» ተብሎ ተጽፏል። የዲቪዲ 1 እጥፍ በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ስለሆነ፣ 16 እጥፍ ወደ 22 ሜጋባይት ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ዲስክ በ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ባለቀ ነበር፤ 16 እጥፍ የሚደርሱት ወደ ዲስኩ ጠርዝ ሲጠጉ ብቻ ስለሆነ ግን 6 ደቂቃ ገደማ ይፈቀድልዎታል። እርስዎ ግን 45 ደቂቃ ወሰዱ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚያቃስት ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቢዘገይ ይፈረድለታል፤ ከፊቱ ገደል አለ። ከእርስዎ ፊት ምን አለ? አንዲት ዝርግ ፕላስቲክ!

ጥር 4 ቀን የቀረጽሁት ሰርግ 20 ቅጂ ታዝዞበታል። 20 ጊዜ 45 ደቂቃ 15 ሰዓት ነው፤ ይህም መብራት ካልጠፋ ነው። መብራት ግን ይጠፋል፤ ያውም 43ኛው ደቂቃ ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም፤ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ነው። የሙሽራዋ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ሦስት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ሳያልፉ፣ «ልጄ፣ ቅልቅሉ አልፏል፤ ለክርስትናው እንኳ ትደርሳለህ?» አሉኝ። ምን ልበል? እርስዎን አሳየኋቸው። አረንጓዴ መብራትዎን ብልጭ ድርግም አደረጉላቸው፤ ሥራ የበዛበት ሹም ይመስል።

ያላማሁት የለም። በመጀመሪያ ዲስኩን አማሁ፤ ውድ የተባለውን ገዛሁ። ከዚያ ኔሮ የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንሁ። ሮም ስትቃጠል በዙፋን ላይ የነበረውን ንጉሥ ስም ይዞ እንኳ እርስዎን ሊያሞቅዎት አልቻለም። ጸረ ቫይረሱን ዘጋሁ፤ ፍጥነቱን ወደ 4 እጥፍ ዝቅ አደረግሁ። እርስዎ እንደሆነ 4 ቢልዎትም 16 ቢልዎትም ግድ የለዎትም።

ያጋለጠዎት ማውሱ ነው። እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ቀስቱ ጭቃ እንደያዘው በሬ ይቆማል። በአዲስ ኮምፒውተር፣ አንጎሉ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ ይህ ምን ጉድ ነው ብዬ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትሁ። እርስዎ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙበትን የአይዲኢ መስመር «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ገጽ ሳይ፣ ከመረጃ ዝውውሩ ስልት አጠገብ «ፒአይኦ» ተብሎ ተጽፏል። ተገኘ!

የምንኖረው በዲማና በዋሸራ የቅኔ ደጆች አገር ነውና «መቅዳት» የሚለውን ቃል ያለ ሰምና ወርቅ አናሳልፈውም፤ ጠላም ይቀዳል፣ ዲስክም ይቀዳል። ፒአይኦ ማለት ሙሽራው ራሱ ጋን ቤት እየተመላለሰ ለእያንዳንዱ እድምተኛ ጠላ ሲቀዳ ማለት ነው። እያንዳንዷ የመረጃ ጠብታ በፕሮሰሰሩ እጅ ታልፋለች። ጠላው ለሰው አይደርስ፣ ሙሽራውም ከሙሽራዋ ጎን አይቀመጥ። ዲኤምኤ የሚባለው ሌላው ስልት ሲሆን ግን ሙሽራው «ቅዱ» ይላል፣ አሳላፊው ይቀዳል፤ መረጃው ከሜሞሪው በቀጥታ ወደ እርስዎ ይወርዳል። እርስዎ አሳላፊ አልባ ሰርግ ላይ ብርሌዎን ይዘው የተቀመጡ እንግዳ ነበሩ።

ለምን እዚህ ደረጃ ወረዱ? ዊንዶውስ ኤክስፒ በአንድ መስመር ላይ 6 የማስተላለፍ ስህተት ከቆጠረ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ይቀንሳል፤ ስህተቱ ከቀጠለ እያወረደ እያወረደ ፒአይኦ ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት አያስታርቅም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! እኔው ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ፤ መስመሩን ከዲቫይስ ማናጀር ሰርዤ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣሁ። «አልትራ ዲኤምኤ» የሚል ታየ። የመጀመሪያውን ዲስክ በ6 ደቂቃ ሲጨርሱ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በማግስቱ ተመልሰው ፒአይኦ።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ኮምፒውተሩን ስገጣጥም ሁሉን አዲስ ገዝቼ፣ ለጥቂት ብር ስል እርስዎን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ ከአሮጌው ኮምፒውተር ነቅዬ ነበር። ባለ 40 ሽቦ ነው፤ ሦስት ቦታ ታጥፎ አንዱ እጥፋት ላይ ሰንበር አውጥቷል። ስህተቱ ሁሉ የሚፈለፈለው ከዚያ ነበር። በባለ 80 ሽቦ ቀየርሁት። ትርፎቹ 40 ሽቦዎች መረጃ አይሸከሙም፤ በጎረቤታሞቹ መካከል ተጋድመው የአንዱ ወሬ ወደ ሌላው እንዳይሾልክ ይከላከላሉ። ለሰፈራችንም ጥቂት ሜትር ቢገኝ እገዛ ነበር።

ቢሆንም ይቅርታ አልጠይቅዎትም። አፍ ባይኖርዎት መብራት አለዎት፤ «ገመዴ ተጎድቷል» ብሎ ብልጭ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

የቀሩትን ዲስኮች በ2 ሰዓት ውስጥ ጨርሰን አስረከብን። ትናንት አባትየው 20ውንም በፌስታል ይዘው ተመለሱ። «ልጄ፣ የኛ ማጫወቻ ይህን አላውቅህም አለው።» ቪሲዲ፣ ማለትም በሲዲ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ፣ ብቻ የሚያነብ ነው ለካ። የዘመዶቻቸውም እንደዚያው። ቪሲዲ በአንድ ሲዲ ላይ 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል፣ ሰርጉ ደግሞ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ 40 ሲዲ ስለሚጠብቅዎት ካሁኑ እንዲዘጋጁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሙሽራዋ አባት፣ በድጋሚ ለሚጠብቁት
ለአሮጌው ገመድ፣ የሱቁን በር አስረህ በምትገኝበት