ኮምቦልቻ ጣቢያ፦ ያረፈ ወይስ ያልተጀመረ?

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ቡና ላይ ተሰብስበን ነበር። አቦሉ እንደተቀዳ አንድ መምህር ወዳጃችን ባቡር ሳይመጣበት የቆመውን የባቡር ጣቢያችንን ነገር አነሳ። «እሱም እንደ አሮጌው አዋሽ ጣቢያ ሆኖ ቀረ» አለ። «ቢያንስ ለመጋዘን ቢያከራዩት ይሻላል።»

ጋሼ አልወደዱትም። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። «ተው ልጄ፣ አታመሳስላቸው። አዋሽ ሠርቶ ነው ያረፈው!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ነጋዴውም፣ መልእክተኛውም፣ የውጭ አገር እንግዳውም እዚያች ትንሽ ጣቢያ ወርዶ እራቱን በልቶ ይተኛል። የጣቢያው ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ፣ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። በኋላ ሐዲዱ አረጀ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ሰፊ ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1.435 ሜትር። የአሮጌው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለነበር አዲሱ ባቡር በእሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። አሮጌው ጣቢያ ብቻውን ቀረ።

«የእኛስ?» አለ መምህሩ። የእኛው ከዚያው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ያለችው ሐራ ገበያ የሚደርስ ነው፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመም። መስመሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው። ሐዲድ ቢዘረጋም ኃይል ካልደረሰው ባቡር አይንቀሳቀስም።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ አብራን ነበረች። «እኔ የምሰፋው ልብስ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ በመኪና ነው ወደብ የሚሄደው» አለች። «ጣቢያው መጋዘን ከሆነማ ባቡሩን ማን ያስታውሰዋል?»

ባቡር ቢመጣ ሥራ የሚቀንስበት ሹፌሩ ነው ብዬ ጋሼን አየኋቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ይመጣል» አሏት። «ሚሌ በረሃ ላይ ጎማ ስፈታ ያደርኩትን ሌሊት እኔ ነኝ የማውቀው። ልጆቼ እንዲያድሩበት አልፈልግም።»

እኔ ከጋሼና ከልጅቷ ጋር ነኝ። አዋሽ የመቶ ዓመት ትዝታ አለው። ሠራተኞቹ ሳያልፉ ያዩትን መመዝገብ፣ ሕንፃውንም ማደስ ይገባል። ኮምቦልቻ ግን ገና ትዝታ የለውም፤ አንድም ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሞ አልጠበቀበትም። ያልሞተ ነገር አይቀበርም። መጋዘን ከሆነ ነገ ማስለቀቁ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ኃይሉ ይገናኝ፣ የተዘረፈው ይተካ። እስከዚያው ጥበቃ ይቁምለት፣ ሐዲዱ ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ ይመንጠር።