ማስተካከያ፦ 17 ኢንች ለአዲስ አበባ አይሠራም

የነፋሱን አቅጣጫ በሞተሩ ቫኪዩም (የመምጠጥ ኃይል) ስለሚቀይሩ የቤንዚን ፒክአፕ ኤሲዎች ባለፈው ስንጽፍ፣ «ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የቫኪዩም ጌጁ ከ17 ኢንች ሜርኩሪ በታች ካነበበ ወደ ኤሲ የሚሄደው ቱቦ አየር ያስገባል» ብለን ነበር። ተሳስተናል። 17 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ10 እስከ 14 የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ነው። በእኛ ምክንያት ደህና ቱቦ ሶማሌ ተራ ወስዳችሁ የቀየራችሁ፣ ይቅርታ።

ይልቅ ወደ ኤሲ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ነቅላችሁ የተነቀለበትን አፍ በጣት ድፈኑ። መርፌው ከፍ ካለ አየር የሚገባው በኤሲው መስመር ነው። በፒንሳ አትቆንጥጡት፤ የደረቀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።

ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ሲወጣ ብቻ ነፋሱ ወደ መስታወት የሚሸሽ ከሆነ ግን ቼክ ቫልቩን (አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) አስቀድሙ፤ በሞተሩ ወገን ሲነፉበት ማሳለፍ የለበትም።