«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ካሊፎርኒያ ውስጥ አልፎ አልፎ ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ። ጉዳዩ ምስጢር ነው፤ ስምና ቦታ አልነካም።

ባለጉዳይዋ ልጆቿን መንግሥት የወሰደባት ያገሬ ልጅ ናት። ትልቋ ልጇ 11 ዓመቷ ነው። ዳኛዋ የጠበቆቹን ክርክር ሰምተው ሲያበቁ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ ይዛዋለች።

«ትምህርት ቤት አትቀይሩብኝ። ከወንድሜ ጋም አንድ ቤት አድርጉኝ።»

በእንግሊዝኛ ያለችውን ለእናትየው በአማርኛ አቀበልኩ። «ወንድሜ፣ ልጅን ችሎት ላይ ያናግራሉ እንዴ?» አለችኝ። ጠበቃሽን ጠይቂ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ዳኛዋ የትምህርት ቤቱን እሺ አሉ። የወንድሟን ነገር ግን ሁለቱንም የሚቀበል ቤት እስኪገኝ ቃል መግባት እንደማይችሉ ነገሯት። ብዙ ሰው «ልጅ ይጠየቅ» ሲባል «ልጅ ይዘዝ» የተባለ ይመስለዋል። እዚህ ግን ተጠየቀች፣ ግማሹ ሆነላት፣ ግማሹ ያልሆነበት ምክንያት ተነገራት። በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ባለ ጉዳይ 10 ዓመት የሞላው ልጅ ችሎት ካልቀረበ፣ ተነግሮት እንደሆነና የመምጣት ዕድል አግኝቶ እንደሆነ ዳኛው ማጣራት አለበት።

እኔ ደግሞ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። አባትና እናቴ ሲለያዩ ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔና እህቴ «ሂዱ ውጭ ተጫወቱ» ተባልን። ከማን ጋ እንደምኖር ያወቅሁት አክስቴ ልብሴን በፌስታል ስትከት ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም ይባል የለ!

የኢትዮጵያ ሕጋችን ግን እንደ ሳሎናችን አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ፍርድ ቤቱ የልጁን አስተያየት እንዲያይ ያዛል። ለሕፃናት ምቹ የተባሉ ችሎቶችም አሉን፤ ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ቃሉን ይሰጣል። የልጅን የመደመጥ መብት በአንቀጽ 12 የያዘውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። አሜሪካ በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም። ይሄን ስነግራቸው እዚህ ያሉ ጓደኞቼ አያምኑኝም።

እዚህም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። ልጅቷ ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ንግግር ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበር። የሒሳብ ፈተናዋም አመለጣት።