እግር ሲታጠብ ዝም ይባላል

ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «የዛሬ ወጣት ለአገልግሎት ይሮጣል፣ ጽሞና ግን የለውም» ያሉት እኔንም ነክቶኛል፤ ውሸት አይደለም። ሁለቱን እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ለያይተው ማስቀመጣቸው ግን አልተዋጠልኝም። ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አንድ ዓመት ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወጥተን ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የእግረኛ ምእመናንን እግር አጠብን። (ራስ መኰንን ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ለምስጋና እንደሆነ እግረ መንገዴን ላስታውስ።) መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽም፣ ዓይኔ ስልክ የያዘውን ልጅ ነበር የሚፈልገው። ከዚያ አንዲት እናት መጡ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ አቧራው ከስንጥቁ አልለቅ አለኝ። ውኃው ሲነካቸው «እሰይ፣ ተባረክ የኔ ልጅ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። አቦ፣ የቁልቢ ብርድ ደግሞ ለድሬ ልጅ አይጣል ነው፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እንዳጎነበስኩ፣ ያ ሁሉ እልልታና የመኪና ጡሩምባ እያለ፣ ውስጤ ጭር አለ። ቤቴ በሬን ዘግቼ እንዲያ ጸልዬ አላውቅም። ልጁ ፎቶውን በኋላ ላከልኝ፤ የሚታየው አናቴ ብቻ ነው።