ቀለሙ ሙሉ፣ ወረቀቱ ነጭ መስመር

ኧረ በቃ፣ ይሄ የቀለም ፕሪንተር አማረረኝ! ቀለሙ ሙሉ ነው። ወረቀቱ ግን በነጭ መስመር ተሸንሽኖ ይወጣል። የልጄን ፎቶ ባትም ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ኖዝል ቼክ፣ ማለትም ቀለም የሚረጩትን ቀዳዳዎች መፈተሻ ገጽ፣ አወጣሁ። ጥቁሩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ደህና ናቸው። የማጀንታው (የደማቁ ሮዝ) መስመር ግን ቁርጥርጥ ብሏል። ቀዳዳው ደርቋል ማለት ነው። «ሄድ ክሊኒንግ አድርግ» ይሉሃል፤ ሄዱን፣ ማለትም ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ማሽኑ ራሱ እንዲያጸዳው እዘዝ ማለታቸው ነው። እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ላይ ነው። የተደፈነው አንዱ ቀለም ሆኖ ሳለ ማሽኑ አራቱንም ይመጥጥና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ላይ ይደፋዋል። በስንት ብር የተገዛ ቀለም እኮ ነው! ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ስፖንጁ ሞላ ብለው ጭራሽ ሥራ ያቆማሉ።

መብራቱስ? ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ስታጠፋው ሄዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ይከደናል። በኅትመት መሃል መብራት ድርግም ሲል ግን ክፍቱን ይቀራል፣ ቀለሙም እዚያው ይደርቃል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ እየሸጡ ይህን የሚነግርህ ሻጭ የለም። «ዋስትና አለው» ብቻ ነው ወሬው።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። «አያዋጣህም፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። እንዴት ነው የማያዋጣው? አንድ ቀዳዳ ስለተደፈነ ደህና ማሽን ይጣላል? ሄዱ በእጅ ተነቅሎ የሚጸዳባቸው ፕሪንተሮች አሉ። ታዲያ ሁሉንም እንደዚያ አድርጎ መሥራት ምን ይከብዳል?