ሾፌሩ ሲያንኮራፋ

ቨርጂኒያ አካባቢ ሁለት ሦስት አበሻ አንድ ላይ ከተቀመጠ ወሬው ትራክ ነው። የታክሲ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሰው ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ወደ ትራክ ገብቷል። አንድ ጓደኛዬም እንደዚያው። ለመንጃ ፈቃዱ የጤና ምርመራ ሲሄድ ሐኪሙ የደም ግፊቱን አየና ሜትር አውጥቶ አንገቱን ለካው። ከ17 ኢንች በላይ ሆነ።

«ታንኮራፋለህ?»

«ኧረ እኔ አላንኮራፋም!»

ሐኪሙ ግን አላመነውም። ቤት ወስዶ አስሮት የሚተኛ መመርመሪያ አዘዘለት። ውጤቱ ሲመጣ እንቅልፍ ላይ እያለ ትንፋሹ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይስተጓጎላል። ከ5 ጀምሮ ችግር አለ ይባላል፤ 30 ከደረሰ ከባድ ነው።

በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። እንቅልፍ ሲይዘን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንዱ ሰው ላይ፣ በተለይ አንገቱ ወፍራም ከሆነ፣ የአየር መተላለፊያው ይደፈናል። ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ይነቃና ሰውየው በኃይል አየር ስቦ መልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሰው ደንዝዞ ይነሳል። የደም ግፊትም አብሮ ይመጣል።

መድኃኒቱ ሲፓፕ የሚሉት ማሽን ነው። በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ እስኪያደርገው ድረስ፣ በጣም ለባሰበት ሰው የነበረው ዋና መፍትሔ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። ጓደኛዬ አሁን ትራኩ ውስጥ ያለው አልጋ አጠገብ ሰክቶት ይተኛል።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ተሳቢ ይነዳል። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ወደብ። ሚሌ ላይ ቀን ልተኛ ቢል ሙቀቱ አያስተኛውም። ስለዚህ በጫት ይገፋዋል። አገር ቤት ስሄድ እነሱ ቤት አድሬ ነበር። ማንኮራፋቱ ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ድንገት ጸጥ ይላል። መቼ ነው የሚተነፍሰው ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን በአንዴ ይስበዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ጠዋት ለሚስቱ ብነግራት፣ «ደክሞት እኮ ነው፤ ድብን ያለ እንቅልፍ ነው የተኛው» አለችኝ።

አገር ቤት ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሌሊት ያልተኛ ሰው ቀን በጫት ሲቆም የታመመ አይመስልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃቃል፤ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አይተካም። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ዓይን ሳይከደን እንኳ አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ሊያንቀላፋ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሳቢ በአራት ሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ሳይኖርበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚመጣጠን ድክመት እንደሚያሳይ አረጋግጧል።

አሜሪካ ሕጉ ጥብቅ ነው። ጭነት የሚነዳ ሰው 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። መኪናው ላይ ያለ መሣሪያ ይመዘግበዋል። የአክስቴ ልጅ ስንት ሰዓት እንደነዳ የሚያውቀው ግን ረዳቱ ብቻ ነው። ቢሆንም ሕግ መኪናውን ያቆማል እንጂ ሰውየውን አያስተኛም። አሜሪካ ያለው የእኛ ሰው ክፍያው በማይል ስለሆነ እረፍቱ እንደ ኪሳራ ይታየዋል። ቲም ሆነው፣ ማለትም ለሁለት አንድ መኪና የሚነዱት ደግሞ አንዱ ሲነዳ ሌላው ኋላ እየተንገላታ ይተኛል። ብዙዎቹ እንደ ጓደኛዬ ማንኮራፋታቸውን ይደብቃሉ፤ ከሥራ እታገዳለሁ ብለው ይፈራሉ። በማሽኑ እየታከመ ያለ ሾፌር ግን መንዳት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ማሽኑ እንደልብ አይገኝም። መጠየቅ ግን ይቻላል። ለመንጃ ፈቃድ ዓይን እንደሚታየው ሁሉ፣ ሌሊት ትንፋሹ ይቋረጥ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ከቤቱም ሰው ቢጠየቅ፣ ወጪ የለውም። እስከዚያው በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ መጠጥ መተው ለብዙ ሰው ያግዛል።

የአክስቴን ልጅ በስልኬ ቀድቼ አሰማሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ጸጥታው ላይ ሲደርስ ግን መሳቁን ተወ። «ይሄን ያህል ሳልተነፍስ ነው?» አለኝ። ጭነቱን አድርሶ ሲመለስ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ተስማምተናል፤ ቅጂውንም ለሐኪሙ እንዲያሰማው ልኬለታለሁ።