ኤምአይቲና አፓቼ ያው አይደሉም

ኤምአይቲ (MIT) እና አፓቼ (Apache) 2.0 ሌሎች የሶፍትዌር ኮዳችሁን እንዲጠቀሙበት የምትፈቅዱባቸው የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ናቸው። «ሁለቱም ያው ናቸው፤ አጭሩን መርጣችሁ እለፉ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ያሳስታል። ትልቁ ልዩነት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላይ ነው። ኤምአይቲ «ፓተንት» የሚለውን ቃል ጭራሽ አያነሳም። በ2004 የወጣው አፓቼ 2.0 ግን በ3ኛ አንቀጹ፣ ኮድ ያዋጣ ሁሉ ባዋጣው ሥራ ላይ ያለውን የፓተንት መብት ለተጠቃሚው እንደሚፈቅድ በግልጽ ያስቀምጣል፤ «ይህ ሶፍትዌር ፓተንቴን ጥሷል» ብሎ የከሰሰ ደግሞ በዚያው ሶፍትዌር ላይ የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል። ብዙ ድርጅቶች ኮድ የሚያዋጡበት ፕሮጀክት ከሆነ፣ ለእኔ ይሄ ብቻውን አፓቼን ለመምረጥ ይበቃል።

አፓቼ ግን ያለ ግዴታ አይደለም። የቀየራችሁት ፋይል ላይ መቀየሩን መጻፍ፣ «ኖቲስ» (NOTICE) የሚባል የባለቤቶች ማስታወቂያ ፋይል ካለም ይዘቱን አብሮ ማስተላለፍ ግድ ነው። ጂፒኤል (GPL) ከኮዱ የተሠራ ሥራ ሲሰራጭም በዚያው ፈቃድ እንዲሆን የሚያስገድድ ሌላ ፈቃድ ነው፤ አፓቼ «ጂፒኤል 2 ብቻ» ከሚል ኮድ ጋር አይዋሃድም፤ ከጂፒኤል 3 ጋር ይሄዳል። ይሄ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ረስት (Rust) የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚያደርገው ኤምአይቲንም አፓቼንም አቅርባችሁ ተጠቃሚው የፈለገውን ይምረጥ።

ባለ 3 አንቀጹ ቢኤስዲ (BSD) የተባለው ሌላ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ደግሞ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በስማችሁ ምርት ማስተዋወቅን ይከለክላል፤ ሌላው ከኤምአይቲ ብዙም አይለይም።

«ኤምአይቲ ምንም አያስገድድም» የሚባለውም ስሕተት ነው። የቅጂ መብት መስመሩና የፈቃዱ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር መሄድ አለባቸው። ይሄ ሳይታወቅ የሚጣሰው በብዛት የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ኮድ) ፋይል እንዲያንስ ሲታመቅ ነው፦ ማመቂያው መሣሪያ ኮሜንቱን (በኮዱ ውስጥ ለሰው የተጻፈውን ማስታወሻ) ሁሉ ሲጠርግ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል። የፈቃዱን ኮሜንት በ«/*!» ጀምሩት፤ ብዙ ማመቂያዎች ያኔ ይተዉታል። ከዚያ የታመቀውን ፋይል ከፍታችሁ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።